ራይቦዞም በእርሾ ውስጥ ፍሬም ሲቀይር እንዴት እንለካለን (ጎንደር ላይ ሆነን፣ ከወረቀት እስከ ላብራቶሪ)

ራይቦዞም (ሴል ውስጥ ፕሮቲን ሚሰራው ማሽን) ኤምአርኤንኤውን (ከጂኑ የተቀዳውን መመሪያ) ሦስት ሦስት ፊደል እየቆረጠ ነው ሚያነበው፣ በየሦስቱ (ኮዶን ይባላል) አንድ አሚኖ አሲድ፣ የፕሮቲን ጡብ ማለት ነው፣ ይጨምራል። በመሀል ክፍት ቦታ ምናምን የለም፣ ከየት እንደጀመረ ብቻ ነው ሁሉንም ሚወስነው፣ ይሄ አቆራረጥ ነው ፍሬም ሚባለው። «ከበደጠጁንጠጥቶጨረሰ» ብዬ ብጽፍላችሁ ሦስት ሦስት ስትቆርጡት «ከበደ ጠጁን ጠጥቶ ጨረሰ» ይመጣል አይደል? ከበደ ካለ በኋላ አንድ ፊደል ዘሎ ከቀጠለ «ከበደ ጁንጠ ጥቶጨ ረሰ» ይሆናል፣ ይሄ ፕላስ 1 ሺፍት ነው። አንድ ፊደል ወደ ኋላ ተመልሶ ካነበበ ደግሞ «ከበደ ደጠጁ ንጠጥ ቶጨረ ሰ»፣ ይሄ ማይነስ 1።

በተለምዶ ራይቦዞም እንዲህ አይሳሳትም፣ ከአስር ሺህ ኮዶን አንዴ እንኳን አይሞላም። ግን አንዳንድ ቦታ ላይ ኤምአርኤንኤው ራሱ ያንሸራትተዋል፣ ከመቶ ሁለቱን፣ አንዳንድ ቦታ እስከ አርባውን፣ ያኔ ስህተት ሳይሆን የታቀደ ነገር ነው፣ ፕሮግራምድ ፍሬምሺፍት ይሉታል። ኤችአይቪ ኢንዛይሞቹን ሚሰራው በዚ መንገድ ነው፣ ኮሮናም እንደዛው። እርሾ ላይ መስራት ግን ቀላልም ርካሽም ነው፣ በሽታም አያሲዝም።

ይሄ ጽሑፍ ጎንደር ሆናችሁ ይሄን ለመለካት ለምትፈልጉ ነው፣ ባዮቴክ ወይ ሞሌኪውላር ባዮሎጂ ማስተርስ ላይ ያላችሁ፣ ወይ ለመመረቂያ ፕሮጀክት ምትፈልጉ። ግማሹ ስራ ላፕቶፕና እስክሪብቶ ብቻ ነው ሚፈልገው፣ እና ሰው በብዛት ሚበላሽበት እዛ ነው እንጂ ላብ ውስጥ አይደለም። መጨረሻ ላይ ምታገኙት አንድ ቁጥር ነው፣ እሱም የሬሾ ሬሾ ነው፣ ከታች ያለው እያንዳንዱ እርምጃ ያንን ቁጥር እንዳይዋሽ ለመጠበቅ ነው።

እርምጃ 1፦ ምትለኩትን ቦታ ምረጡ

ለጀማሪ ሁለት ቦታ ነው ምመክረው።

አንደኛው ኤል-ኤ ሚባለው የእርሾ ቫይረስ ነው፣ ማይነስ 1 ነው። ተንሸራታች ቦታው ሰባት ፊደል ነው፦ ጂ ጂጂዩ ዩዩኤ። በዜሮ ፍሬም (ሳይንሸራተት በሚነበብበት) ጂጂዩ እና ዩዩኤ ተብሎ ይነበባል፣ ሁለቱም ቲአርኤንኤዎች (ኮዶኑን አንብበው አሚኖ አሲድ ሚያመጡት) አንድ ፊደል ወደ ኋላ ሲንሸራተቱ ጂጂጂ እና ዩዩዩ ላይ ይቀመጣሉ፣ ከመጀመሪያዎቹ ሁለት ፊደሎች ጋር አሁንም ስለሚገጥሙ ተመልሰው አይወድቁም። ለምን ይንሸራተታሉ? ከሰባቱ ፊደል ቀጥሎ ትንሽ ቦታ (በብዛት ከ5 እስከ 9 ፊደል) ትቶ ኤምአርኤንኤው ተጣጥፎ ሱዶኖት ሚባል ቋጠሮ ይሰራል፣ ራይቦዞሙ እሱን ለመፍታት ሲታገል ልክ ተንሸራታቹ ቦታ ላይ ይቆማል። ይሄን እ.ኤ.አ በ1991 ዲንማን፣ ኢቾ እና ዊክነር ናቸው ያሳዩት፣ መጠኑም ወደ 2 በመቶ አካባቢ ነው። 2 በመቶ ሲባል ትንሽ ይመስላል ግን አስቡት፣ የቫይረሱ ቅርፊት ከ120 ጋግ ፕሮቲን ነው ሚሰራው፣ ከነሱ ውስጥ ኢንዛይም ያለው ጋግ-ፖል አንድ ወይ ሁለት ብቻ ነው ሚያስፈልገው፣ ሂሳቡ ልክ እዛ ይመጣል።

ሁለተኛው ቲዋይ 1 ነው፣ ጂኖም ውስጥ እየተቀዳ ቦታ ሚቀያይር ሬትሮትራንስፖዞን፣ ፕላስ 1 ነው። እዚ ሱዶኖት የለም፣ ሰባት ፊደል ብቻ ይበቃል፦ ሲዩዩ ኤጂጂ ሲ። ሲዩዩ ላይ ያለው የሉሲን ቲአርኤንኤ ቀጣዩን ይጠብቃል፣ ግን ኤጂጂን ሚያነበው የአርጂኒን ቲአርኤንኤ በእርሾ ውስጥ አንድ ጂን ብቻ ስላለው በጣም ጥቂት ነው፣ ቶሎ አይመጣም። ሲዘገይ የሉሲኑ ከሲዩዩ ወደ ዩዩኤ አንድ ፊደል ወደፊት ይንሸራተታል፣ ቀጥሎ ጂጂሲ ይነበባል፣ ግላይሲን ገባ ማለት ነው። ቤልኮርት እና ፋራባው በ1990 ያወጡት ነው፣ እስከ 40 በመቶ ይደርሳል። የኔ ምርጫ ቲዋይ 1 ነው፣ ቁጥሩ ትልቅ ስለሆነ መሳሪያችሁ ያን ያህል ጎበዝ ባይሆንም ታዩታላችሁ።

ሌሎችም አሉ፣ ቲዋይ 3፣ ኦኤዜድ 1 (ይሄኛው ስቶፕ ኮዶን፣ ንባቡ ሚያበቃበት ኮዶን፣ ላይ ነው ሚዘለው፣ ፖሊአሚን ሲበዛ ይጨምራል)፣ የቴሎሜሬዙ ኢኤስቲ 3፣ ግን ለመጀመሪያ አይሁኑ።

እርምጃ 2፦ በወረቀት ተለማመዱ

ላብ ከመግባታችሁ በፊት ኤቢፒ 140 ሚባለውን የእርሾ ጂን አውርዱ፣ የሳካሮማይሲስ ጂኖም ዳታቤዝ ላይ በነፃ አለ፣ በስልክ ዳታም ይከፈታል። ይሄ ጂን መጀመሪያ ሁለት ጂን ነው ተብሎ ነበር የተመዘገበው፣ ዋይኦአር 239 እና ዋይኦአር 240፣ በኋላ ነው በመሀላቸው ፕላስ 1 ሺፍት እንዳለና አንድ ፕሮቲን እንደሆኑ የታወቀው። ፊደሉን ኤክስፓሲ ትራንስሌት (ፊደሉን ወደ አሚኖ አሲድ ሚቀይር ድረገጽ) ላይ አስገቡና በሦስቱም ፍሬም አውጡት። አንዱ ፍሬም ረጅም ሄዶ ስቶፕ ላይ ይቆማል፣ ሌላው ከዛ ትንሽ ቀደም ብሎ ይከፈትና ይቀጥላል። ሁለቱ ሚደራረቡበት ቦታ ላይ ሲቲቲኤጂጂሲን ፈልጉ (ዲኤንኤ ላይ ዩ በቲ ይተካል)፣ ከቲዋይ 1 ጋር አንድ ነው።

ሰባቱን ፊደል ሰርች አርጎ ያገኙትን ሁሉ ሺፍት ነው ማለት አይቻልም። ሰባት ፊደል 16,384 አይነት አሰላለፍ አለው፣ የእርሾ ጂኖም ደሞ ወደ 12 ሚሊዮን ፊደል ነው፣ አራቱ ፊደላት እኩል ቢሆኑ በአንዱ የዲኤንኤ ገመድ ብቻ ከ700 በላይ ቦታ በአጋጣሚ ይገኛል ማለት ነው። ስለዚ ሦስት ነገር አብረው መኖር አለባቸው፦ ሲቲቲ በዜሮ ፍሬም ኮዶን ሆኖ መነበብ አለበት፣ ከዛ ቦታ በኋላ ዜሮ ፍሬሙ ቶሎ ስቶፕ ላይ መድረስ አለበት፣ ፕላስ 1 ፍሬሙ ደሞ ረጅም ክፍት መሆን አለበት። ከነዚ አንዱ ከጎደለ እለፉት።

እርምጃ 3፦ ፕላዝሚዱን ንደፉ፣ ፊደል መቁጠሩ ላይ አትቸኩሉ

ፕላዝሚድ ጂን ተሸክሞ እርሾ ውስጥ ሚገባ ክብ ዲኤንኤ ነው፣ በውስጡ የምንጠቀመው ዱዋል ሉሲፌሬዝ ነው። ሁለት ብርሃን ሰጪ ፕሮቲኖች አሉ፣ ሬኒላ ከባሕር እንስሳ የተወሰደ ሰማያዊ ሚያበራ፣ ፋየርፍላይ ደሞ ማታ ከሚያበራው ነፍሳት የተወሰደ ቢጫ አረንጓዴ። አሰላለፉ ሬኒላ፣ ከዛ የናንተ ቦታ፣ ከዛ ፋየርፍላይ ነው፣ ሁሉም በአንድ ኤምአርኤንኤ ላይ። የሬኒላ ስቶፕ ኮዶን ይወጣል፣ የፋየርፍላይ መነሻ ኤዩጂም ይወጣል (እሱን ካላወጣችሁት ራይቦዞም እዛው ሊጀምር ይችላል፣ ያኔ ምትለኩት ሺፍት አይደለም)። ሬኒላ ስንት ራይቦዞም እንዳለፈ ይነግራችኋል፣ ፋየርፍላይ ስንቱ ፍሬም እንደቀየረ።

አሁን ቆጠራው። በሬኒላ መጨረሻ ኮዶንና በፋየርፍላይ መጀመሪያ ኮዶን መሀል ያለው ጠቅላላ ፊደል፣ የመቁረጫ ኢንዛይም ቦታዎቹን ጨምሮ፣ ለሦስት ሲካፈል፦

ማይነስ 1 ከሆነ ቀሪው 2 መሆን አለበት። አንድ ፊደል ሁለቴ ስለሚነበብ ነው። ለምሳሌ 128።

ፕላስ 1 ከሆነ ቀሪው 1። አንድ ፊደል ስለሚዘለል። ለምሳሌ 31።

መቶ በመቶ ኮንትሮሉ (እርምጃ 4 ላይ ያለው) ደሞ ቀሪ የለውም።

ሰው ሚረሳው የመቁረጫ ቦታዎቹን ነው፣ ስድስት ፊደል ስለሆኑ ምንም አይለውጡም ብሎ ያስባል፣ ግን ስትቀጥሉ አንድ ሁለት ተጨማሪ ፊደል ገብታ ከሆነ ሁሉም ነገር ይገለበጣል፣ ስለዚ አጠቃላይ ፊደሉን ከጫፍ ጫፍ በእጃችሁ ቁጠሩት ከዛ በሶፍትዌር አረጋግጡ። ሌላው፣ በተቀየረው ፍሬም ውስጥ እስከ ፋየርፍላይ ድረስ ስቶፕ እንዳይኖር እዩ።

እርምጃ 4፦ ኮንትሮሎቹ

ለኔ የዚ ስራ ልብ ይሄ ነው፣ ቢያንስ ሦስት ፕላዝሚድ ያስፈልጋችኋል።

የመጀመሪያው ቴስቱ ነው። ሁለተኛው መቶ በመቶ ኮንትሮል፣ ማንም ሳይንሸራተት ሁሉም ራይቦዞም ፋየርፍላይ ላይ ሚደርስበት። ለኤል-ኤ ተንሸራታቹን ጂ ጂጂዩ ዩዩኤ ወደ ጂ ጂጂሲ ሲዩጂ ቀይሩት፣ አሚኖ አሲዶቹ ያው ግላይሲንና ሉሲን ናቸው፣ ግን ወደ ኋላ ሊንሸራተት አይችልም። ከዛ ወዲያው አንድ ኤ ጨምሩ። ይሄ ኤ ለምን? ቴስቱ ላይ የተንሸራተተው ራይቦዞም ቀጥሎ ሚያነበው ኮዶን የሰባቱን የመጨረሻ ኤ ይዞ ስለሚጀምር፣ ኤ ከጨመራችሁ ከዛ በኋላ ያለው ፕሮቲን በሁለቱም አንድ አይነት ይሆናል። ለቲዋይ 1 ይባስ ቀላል ነው፣ ከሲዩዩ ኤጂጂ ሲ ላይ ኤዋን ብቻ አጥፏት፣ ሲዩዩ ጂጂሲ ይሆናል፣ ያው ሉሲን ግላይሲን።

ሦስተኛው ባዶ ኮንትሮል፣ እንደ ቴስቱ ፍሬሙ የተዛባ ግን ተንሸራታቹ የተበላሸ። ይሄ ምንም ሺፍት ሳይኖር መሳሪያው ስንት ብርሃን እንደሚያነብ ይነግራችኋል። ብዙ ሰው ገንዘብ ለመቆጠብ ይሄን ይተዋል፣ አትተዉት።

እርምጃ 5፦ ዕቃውን ጎንደር ማድረስ

ፕላዝሚድ ቀላል ነው፣ ወረቀት ላይ ጠብ ተደርጎ ደርቆ በፖስታ ይመጣል፣ ቅዝቃዜ አይፈልግም፣ እናንተ ቆርጣችሁ ውሃ ውስጥ ነክራችሁ ባክቴሪያ ውስጥ ታስገቡታላችሁ። ችግሩ የብርሃኑ ኬሚካሎች ናቸው፣ ሉሲፈሪንና ሲለንተራዚን፣ ቅዝቃዜ ይፈልጋሉ፣ ሲለንተራዚን ብርሃንም አይወድም። ከአዲስ አበባ በመኪና ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሆነ በአውሮፕላን አስመጡና አዘዞ ኤርፖርት ሰው ይጠብቀው፣ መናኸሪያ ላይ በፀሐይ ቁጭ ብሎ የዋለ ሉሲፈሪን አትቀበሉ። እንደመጣ ለአንድ ልኬት ሚበቃ ሚበቃ አርጋችሁ ከፋፍላችሁ ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጡት፣ መብራት ሲጠፋ ፍሪዘሩን አትክፈቱ፣ በረዶ የያዘ ላስቲክ ቀድማችሁ ከጎኑ ደርድሩ።

እርሾውን በተመለከተ፣ ከሱቅ ሚገዛው የዳቦ እርሾ አይሆንም። ዩራሲልን (ለማደግ ሚያስፈልገውን አንድ ንጥረ ነገር) በራሱ ይሰራል፣ ፕላዝሚዱ ደሞ ዩራሲል ሚያሰራውን ዩራ 3 ጂን ይዞ ስለሆነ ሚገባው ፕላዝሚዱን የወሰደውን ካልወሰደው መለየት አትችሉም። እንደ ቢዋይ 4741 ያለ ዩራ 3 ጂኑ የተቆረጠ የላብ ዘር ያስፈልጋል። የጠላውም የጠጁም እርሾ በዚሁ ምክንያት አይሆንም፣ ብትሞክሩት ደስ ይለኝ ነበር ግን አይሆንም።

እርምጃ 6፦ ሚዲያ ማፍላት፣ የጎንደር ከፍታን አትርሱ

ዋይፒዲ፦ 1 በመቶ ይስት ኤክስትራክት፣ 2 በመቶ ፔፕቶን፣ 2 በመቶ ግሉኮስ፣ ለፕሌት ከሆነ 2 በመቶ አጋር። ግሉኮሱን ለብቻ አፍሉት አለበለዚያ ይቃጠላል። ለመምረጫ ደሞ ዩራሲል የሌለው ሚዲያ።

ጎንደር ከባሕር ጠለል ከ2,100 ሜትር በላይ ነው፣ ውሃ እዚ ወደ 93 ዲግሪ አካባቢ ነው ሚፈላው። ኦቶክሌቩ ሙቀቱን በሴንሰር ሚቆጣጠር ከሆነ 121 ላይ 15 ወይ 20 ደቂቃ በቃ፣ ችግር የለም። ግን በፕሬሸር ኩከር ምትሰሩ ከሆነ ክብደቱ 15 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ) ላይ ነው ሚለቀው፣ ባሕር ጠለል ላይ ያ 121 ዲግሪ ነው፣ እዚ ግን የውጭው አየር ስለሳሳ 117 አካባቢ ነው ሚሆነው። ክብደቱ ላይ ምንም ነገር አትጨምሩ፣ አደገኛ ነው፣ ሰዓቱን አርዝሙት፣ 40 ደቂቃ አርጉት። ከዛ አንድ ባዶ ፕሌት ሁለት ቀን አቆዩና ሻጋታ ይወጣ እንደሆነ እዩ።

እርምጃ 7፦ ፕላዝሚዱን እርሾ ውስጥ ማስገባት

የሊቲየም አሲቴት ዘዴ ነው፣ ፈጣን ነው። ለአንድ፦ 240 ማይክሮሊትር 50 በመቶ ፔግ 3350፣ 36 ማይክሮሊትር 1 ሞላር ሊቲየም አሲቴት፣ 50 ማይክሮሊትር ካሪየር ዲኤንኤ (ፕላዝሚዱ እንዲገባ ሚያግዝ ተራ ዲኤንኤ፣ በሚሊሊትር 2 ሚሊግራም)፣ 34 ማይክሮሊትር ፕላዝሚድና ውሃ። ጠቅላላ 360። 42 ዲግሪ ላይ 40 ደቂቃ፣ ከዛ ፕሌት ላይ፣ 30 ዲግሪ፣ ሁለት ሦስት ቀን። ፔጉን መጀመሪያ ጨምሩ፣ ሊቲየሙ ብቻውን እርሾውን እንዳይጎዳው ይጠብቃል።

ካሪየር ዲኤንኤው ከመጨመሩ በፊት 5 ደቂቃ 95 ዲግሪና ከዛ በላይ ሞቆ በረዶ ላይ ይቀመጣል፣ ድስት ውስጥ በሚፈላ ውሃ ብትሉ እዚ አይደርስም፣ ሂት ብሎክ ወይ ፒሲአር ማሽን ተጠቀሙ።

እርምጃ 8፦ ማሳደግ፣ መስበር፣ መለካት

ከእያንዳንዱ ፕላዝሚድ ቢያንስ ሦስት የተለያየ ኮሎኒ ውሰዱ፣ አንዱን ኮሎኒ ሦስቴ መለካት እንደ ሦስት አይቆጠርም። ማታ 12 ሰዓት ላይ ዩራሲል የሌለው ሚዲያ ውስጥ አስገቡ፣ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ በአዲስ ሚዲያ አቅጥኑና ኦዲው (ፈሳሹ ምን ያህል እርሾ እንደያዘ ሚያሳየው ቁጥር) 0.6 እስከ 1 እስኪደርስ በ30 ዲግሪ ሼከር ላይ አቆዩት። ጎንደር ክረምት ላይ የክፍሉ ሙቀት ዝቅ ስለሚል ያለ ኢንኩቤተር በጣም ይዘገያል፣ ሁሉም ናሙና ግን እኩል ኦዲ ላይ ይሰብሰብ።

በሴንትሪፊውጅ ሰብስባችሁ፣ በቀዝቃዛ በፈር አጥባችሁ፣ 0.5 ሚሊሜትር የመስታወት ዶቃ ጨምራችሁ 1 ደቂቃ ቮርቴክስ 1 ደቂቃ በረዶ፣ እንዲህ አምስት ስድስት ጊዜ። እንደገና ሴንትሪፊውጅ፣ ከላይ ያለውን የጠራ ፈሳሽ ውሰዱ። ኬሚካሎቹን ከፍሪዘር አውጥታችሁ የክፍል ሙቀት እስኪደርሱ ጠብቁ፣ የሉሲፌሬዝ ፍጥነት በሙቀት ይለዋወጣል። መጀመሪያ ፋየርፍላይ ይለካል፣ ከዛ እሱን ሚያጠፋና ሬኒላን ሚያበራው ፈሳሽ አንድ ላይ ይጨመራል። ሉሚኖሜትሩን (ብርሃን መለኪያውን) ዩፒኤስ ላይ ሰኩት፣ በመሀል መብራት ከሄደ ያ ናሙና ሄዷል።

ሂሳቡ፣ የምሳሌ ቁጥር ነው ምሰጣችሁ፦ መቶ በመቶ ኮንትሮሉ ላይ ፋየርፍላይ 900,000 ሬኒላ 1,500,000 ከሆነ ሬሾው 0.6 ነው። ቴስቱ ላይ ፋየርፍላይ 18,000 ሬኒላ 1,500,000 ከሆነ 0.012። 0.012ን ለ0.6 ስታካፍሉ 0.02፣ 2 በመቶ። ሬሾውን በየኮሎኒው ለየብቻ አስሉና ከዛ አማካይ ውሰዱ፣ ሁሉንም ፋየርፍላይ ደምሮ ለሁሉም ሬኒላ ማካፈል አንዱ ደማቅ ኮሎኒ ሌሎቹን እንዲውጥ ያረጋል።

እርምጃ 9፦ ቁጥሩን አትመኑት

ባዶ ኮንትሮሉ ከቴስቱ ጋር ተቀራራቢ ከሆነ ሺፍት የላችሁም፣ ሌላ ነገር ነው ያላችሁ። ያስገባችሁት ዲኤንኤ ውስጥ ድብቅ ፕሮሞተር (ኤምአርኤንኤ መቀዳት ሚጀምርበት ቦታ) ካለ ፋየርፍላይን ብቻ የያዘ አጭር ኤምአርኤንኤ ይወጣል፣ ስፕላይሲንግ (ኤምአርኤንኤው በመሀል ተቆርጦ መቀጠሉ) ካለም ሬኒላው ተቆርጦ ወጥቶ ፍሬሙ ሊስተካከል ይችላል፣ ሁለቱም ሺፍት መስለው ይታያሉ። ኖርዘርን ብሎት ወይ አርቲ-ፒሲአር (ኤምአርኤንኤ መመርመሪያ ዘዴዎች ናቸው) ሰርታችሁ ኤምአርኤንኤው አንድና ሙሉ መሆኑን እዩ። ትልልቆቹም ላይ የደረሰ ነው፣ በ2014 የሰው ሲሲአር 5 ጂን ላይ ማይነስ 1 ሺፍት አለ ተብሎ ወጥቶ በ2022 ሌላ ቡድን መልሶ ሲፈትሸው ምልክቱ ከሺፍት ሳይሆን ከሪፖርተሩ (ብርሃን ሰጪው መለኪያ) ችግር የመጣ ነው ብሎ ተከራክሯል።

ቲዋይ 1 የሰራችሁ ደሞ ቆንጆ ማረጋገጫ አላችሁ፣ ያንን ጥቂት የአርጂኒን ቲአርኤንኤ ጂን በብዙ ኮፒ ፕላዝሚድ ጨምሩለት፣ ሺፍቱ መውረድ አለበት። ካልወረደ ምትለኩት ሌላ ነገር ነው። ለኤል-ኤ አኒሶማይሲን ሚባል ራይቦዞም ላይ ሚሰራ መድኃኒት በትንሹ ብትጨምሩ ሺፍቱ ይቀንሳል፣ ስፓርሶማይሲን ደሞ ይጨምራል።

ሉሚኖሜትር ከሌለስ

ሁለት አማራጭ አለ። አንዱ በፋየርፍላይ ፋንታ ላክዜድ ሚባል ጂን ማስገባት ነው፣ ኦኤንፒጂ ሚባል ኬሚካል ስትጨምሩ ቢጫ ይሆናል፣ በተራ ስፔክትሮፎቶሜትር 420 ላይ ታነቡታላችሁ። ጉዳቱ ውስጡ እንደ ሬኒላ ያለ ማነጻጸሪያ ስለሌለው የፕላዝሚድ ብዛት ልዩነት ቁጥሩ ውስጥ ይገባል፣ ብዙ ኮሎኒ መለካት ግድ ነው።

ሌላኛው ለጎንደር የተሰራ ነው ሚመስለው፣ የኪለር ምርመራ። ኤም 1 ሚባል ትንሽ ቫይረስ በኤል-ኤ ላይ ተጠግቶ ነው ሚኖረው፣ እርሾውን ሌላ እርሾ ሚገድል ቶክሲን እንዲያወጣ ያረገዋል። የሺፍቱ መጠን በጣም ከወጣ ወይ ከወረደ ኤም 1 ይጠፋል፣ ዲንማንና ዊክነር በ1992 አሳይተዋል። ፒኤች 4.7 የሆነ ሜቲሊን ብሉ ያለው ፕሌት ላይ በቶክሲኑ ሚሞት እርሾ አንጥፉ፣ የናንተን እርሾ ነጠብጣብ አርጋችሁ ከላይ አስቀምጡ፣ 20 ዲግሪ ላይ ሁለት ሦስት ቀን። ቶክሲኑ ሙቀት አይወድም፣ 30 ላይ አይሰራም፣ ስለዚ እዚ ከተማ ጠረጴዛ ላይ ጥላ ቦታ ማስቀመጥ በብዛት ይበቃል። ዙሪያው ባዶ ሆኖ ጠርዙ ሰማያዊ ከሆነ ኤም 1 አለ፣ ምንም ክብ ከሌለ ጠፍቷል። ግን ክቡ ጠፋ ማለት ሺፍቱ ተቀየረ ማለት አይደለም፣ ሲበላሹ ኤም 1ን ሚያጠፉ ከ30 በላይ ሌሎች የእርሾ ጂኖች አሉ። ስለዚ በዚ ብዙ ዘር አጣሩና ክብ ያጡትን ብቻ ይዛችሁ ሉሚኖሜትር ያለው ላብ ሂዱ፣ ከመሄዳችሁ በፊት ግን ከእያንዳንዱ 15 በመቶ ግሊሰሪን ውስጥ ቅጂ አርጋችሁ ማይነስ 80 ላይ አስቀምጡ።